ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ

ሰሞኑን በታሪክ፣ በቋንቋ፣ በሥነ ጽሑፍና በፍልስፍና ለሚሠሩ ጀማሪ አረብ ተመራማሪዎች የሚሰጥ አነስተኛ የምርምር ድጋፍ ማስታወቂያ ሼር አድርጌ ነበር። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ አረቦቹ ያ ሁሉ ነዳጅ እያላቸው ደግሞ ምን ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል?" አለኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሚሆን እዚሁ ልመልስ።

አረብ ማለት ዱባይና ዶሃ ብቻ አይደለም። የመን ውስጥ ከ2016 ወዲህ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የብዙ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ደሞዝ ተቋርጧል፤ ሲመጣም እየተቆራረጠ ነው። የሊባኖስ ገንዘብ ከ2019 ጀምሮ ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን አጥቷል። ሱዳንማ በ2023 ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ መምህሩም ተማሪውም ተበትኗል፤ የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ሳይቀር ተዘርፏል።

እንዲህ ባለ ቦታ ዶክትሬቱን ገና የጨረሰ ሰው የጎደለው ሚሊዮን አይደለም። የጎደለው መዝገብ ቤት የሚደርስበት ትራንስፖርት፣ የእጅ ጽሑፍ ፎቶ የሚያስነሳበት ገንዘብ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሥራውን ትቶ ቁጭ ብሎ የሚጽፍበት ሦስት አራት ወር ነው። ቤይሩት ያለው የአረብ የማኅበራዊ ሳይንስ ምክር ቤት ለጀማሪዎች ድጋፍ ከሚሰጡት አንዱ ነው። እኔ እንደዚህ ዓይነቱ እንዲበዛ እፈልጋለሁ። ስመ ጥር ፕሮፌሰሮች ሆቴል ውስጥ ለሦስት ቀን ለሚሰበሰቡበት ጉባኤ የሚወጣው ብር ለስንት ጀማሪ ይበቃ ነበር?

"ሰው እየተራበ ግጥምና ታሪክ ማጥናት ቅንጦት ነው" የሚል አይጠፋም። ረሃቡ እውነት ነው። ግን በ2003 የኢራቅ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል የጠፋውን ማንም መልሶ አልገዛውም። ጽሑፉ ቢተርፍ እንኳ አንባቢው ተሰዶ ታክሲ ነጂ ከሆነ ያው ጠፋ ማለት ነው።

ደግሞ ነገሩ ከኛም የራቀ አይደለም። የኢማም አሕመድን ዘመን ስንማር የምንጠቅሰው "ፉቱሕ አል ሐበሻ" በአረብኛ የተጻፈ ነው። በ1640ዎቹ ወደ ዐፄ ፋሲለደስ ግቢ የተላከው የየመን መልእክተኛ አል ሐይሚም ጎንደርን አይቶ የጻፈው በአረብኛ ነው። የመን ውስጥ በየመስጊዱና በየሰው ቤት ከተቀመጡት የእጅ ጽሑፎች መካከል ስለኛ የሚያወራ ስንት ይኖር ይሆን? ያንን አንብቦ የሚነግረን ዛሬ ደሞዝ አጥቶ የተቀመጠው ወጣት ሊሆን ይችላል።

ለሰጪዎቹ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። "የምትሠራበትን ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ አያይዝ፣ ማመልከቻውንም በእንግሊዝኛ ጻፍ" ካላችሁ ዩኒቨርሲቲው የፈረሰበትን ሰው ገና ከበር መለሳችሁት። በአረብኛ ይጻፍ፤ ከደብዳቤው ይልቅ ሥራው ይታይ።

ወንድሜ፣ መልሴ ይኸው ነው። ነዳጁ ያለው ሌላ፣ ብዕሩን የያዘው ሌላ ነው። ካልተስማማችሁ ኮሜንት ላይ እንገናኝ፤ ክፍል ውስጥም እንደዚሁ ነበርን 😄