ልጁን በሚያውቀው ቋንቋ መርምሩት

መስማት የተሳነው ሕፃን ኦቲዝም ይኖርበት እንደሆነ ለማወቅ የምንጠቀምባቸው መመዘኛዎች አብዛኞቹ ለሚሰሙ ልጆች የተሰናዱ ናቸው። ከኋላ ሆኖ ስሙን መጥራትና ይዞር እንደሆነ ማየት ከተለመዱት አንዱ ነው። ለማይሰማ ልጅ ይህ ምን ይፈይዳል? እሱን የሚጠሩት ትከሻውን ነካ አድርገው፣ እጅ አውለብልበው ወይም መብራት አብርተው አጥፍተው ነው። እሱም ሰው ሲፈልግ ይነካል፤ ይህን የማያውቅ መርማሪ «ሰው ይነካካል» ብሎ ሊጽፍበት ይችላል።

ቋንቋ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። መስማት ከተሳናቸው 100 ልጆች ከ90 የሚበልጡት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። በአገራችን ብዙዎቹ ከምልክት ቋንቋ ጋር የሚተዋወቁት ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። በእነዚያ ባዶ ዓመታት የሚቀርባቸው ነገር ኦቲዝም ሊመስል ይችላል። ሌላው ሰው ምን እንደሚያስብ መረዳትን የሚለካው ፈተና እ.ኤ.አ. በ1985 ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ተሠርቶ ታወቀ። ከ10 ዓመት በኋላ አውስትራሊያ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ልጆች ተፈትነው እነሱም ተቸገሩ። ቆየት ብለው የወጡ ጥናቶች ግን በምልክት ከሚነጋገሩ ወላጆች የተወለዱት ልጆች እንዲህ እንደማይዘገዩ አሳይተዋል። የጎደለው ቋንቋ ነበር።

የተገላቢጦሹም አለ። «ስለማይሰማ ነው» እየተባለ እውነተኛው ኦቲዝም ለዓመታት ተሸፍኖ ይቆያል።

በምልክት ቋንቋ ውስጥ ኦቲዝም ምን እንደሚመስል አሜሪካ ውስጥ አሮን ሺልድና ሪቻርድ ማየር አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ያዩዋቸው ልጆች መስማት ከተሳናቸው ወላጆች የተወለዱ፣ ምልክት እያዩ ያደጉ ናቸው፤ ቋንቋ አልተነፈጉም። ሆኖም ኦቲዝም ካለባቸው አንዳንዶቹ መዳፋቸውን ይገለብጡ ነበር። ትልቁ ሰው መዳፉን ወደ ልጁ አዙሮ ምልክት ሲሠራ ልጁ የሚያየው መዳፍ ነው። ተራው ሲደርስ እሱም መዳፉን ወደ ውጭ ማዞር ሲገባው፣ ያንኑ መዳፍ ለማየት ወደ ራሱ ያዞረዋል። በሌሎች ጥናቶች ደግሞ «እኔ»ና «አንተ» ለማለት ከመጠቆም ይልቅ የሰውን መጠሪያ ምልክት መጠቀም፣ ሌላው የሠራውን ምልክት መልሶ መድገምም ታይቷል።

ይህን ሁሉ ማን ያየዋል? ምልክት ቋንቋ የማይችል ሐኪም አያየውም። አስተርጓሚ አጠገቡ ቢቀመጥም ችግሩ አይፈታም፤ የአስተርጓሚ ሙያ የተሰባበረውን ገጣጥሞ ትርጉም ያለው ንግግር ማቅረብ ነውና። የተገለበጠው መዳፍና የተደጋገመው ምልክት በትርጉሙ ተቃንተው ይቀራሉ፤ ከሐኪሙ ጆሮ የሚደርሰው የተስተካከለ አማርኛ ነው። የፊት ገጽታም እንዲሁ ነው። በምልክት ቋንቋ ቅንድብና አፍ የሰዋስው ሥራ አላቸው፤ ልጁ ስሜቱን እየገለጸ ይሁን ጥያቄ እየጠየቀ የሚለየው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ በምርመራው ክፍል በምልክት ቋንቋ ያደገ፣ ራሱ መስማት የተሳነው ጎልማሳ ከመርማሪው እኩል መቀመጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። የሚተረጉም ሳይሆን የሚመዝን ሰው ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ለዚህ መነሻ አላት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ አስተምሯል። ኦቲዝም የሚያውቁትና ምልክት የሚያውቁት ሰዎች አንድ ልጅ ፊት አብረው ይቀመጡ።

እናንተ ወላጆችም ውጤት ሲነገራችሁ፣ መርማሪው ከልጃችሁ ጋር በምን ቋንቋ እንደተነጋገረ ጠይቁ። መልሱን ሳትጠብቁም ምልክት ቋንቋውን ከልጃችሁ ጋር መማር ጀምሩ፤ ኦቲዝም ኖረበትም አልኖረበትም ያስፈልገዋል።