ለልኩ ብዬ የሰረቅኩት ቀለበት

ዛሬ የማካፍላችሁ ደብዳቤ ከአንድ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት የደረሰኝ ነው። ስሙን ጽፎልኛል፤ እንደተለመደው ግን እዚህ አይወጣም። ልጁ ሦስት ዓመት የቆየች ፍቅረኛ አለችው። የዕቁብ ዕጣው በሚቀጥለው ወር ይደርሰዋል። በዚያ ብር የወርቅ ቀለበት ገዝቶ፣ ሳታስበው ተንበርክኮ "አግቢኝ" ሊላት ቆርጧል። (መንበርከኩን መቼም ከፊልም ነው የተማርነው፤ ይሁን!) ያስቸገረው የጣቷ ልክ ነው።

"ብጠይቃት ትነቃብኛለች" ይላል። "አንድ ቀለበት አላት፤ ልብስ ስታጥብ አውልቃ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች። ለአንድ ቀን ብቻ ደብቄ ወስጄ፣ ወርቅ ቤት አስለክቼ ልመልሰው አስቤአለሁ። የምትኖረው ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ነው፤ ስለዚህ ቤቱ አይከብደኝም። ምን ይመስልሃል?"

ወንድሜ፣ እንዳታደርገው! ይህን የምልህ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. እኔው ራሴ አድርጌው ጉዴ ፈልቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድሟ ጓደኛ ነበርኩ። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ እዚያ ቤት በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ሲመሽብኝም አድሬ ነው ያደግሁት። እናታቸውን "ማዘር" ነበር የምላቸው፤ እሳቸውም ከልጆቻቸው ለይተው አያዩኝም። ከልጅቷ ጋር መፋቀራችንን ግን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ልብስ ልታጥብ ስትል ቀለበቷን አውልቃ ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጠችው። አያቷ የሰጧት ቀለበት ነው። እኔ ሆዬ ግራ ቀኜን ቃኘት አደረግሁና ኪሴ ከተትኩት። በቃ፣ ይኸው ነው።

በቀጥታ ወደ ፒያሳ! ያኔ ወርቅ ሲባል ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ከሰፈሩ ብዙው ስለ ፈረሰ የዛሬ ልጆች እንደዚያ ላታውቁት ትችላላችሁ እንጂ፣ ወርቅ ቤቱ ጎን ለጎን ተደርድሮ የቱ ጋ እንደምትገባ ይጠፋህ ነበር። ወርቅ ሠሪው ቀለበቱን ቁጥር በተቀረጸበት ሾጣጣ ብረት ላይ ሰካውና የቆመበትን ቁጥር ጻፈልኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ቀብድ ከፍዬ ወጣሁ። ልመልሰው ስል ግን የነሐሴ ዝናብ ያዘኝ። አንድ ካፌ ገብቼ ማኪያቶ ሳዝ፣ ዝናቡ እንቢ ሲል፣ መሸ። "ነገ እመልሰዋለሁ፤ ማን ልብ ይለዋል?" አልኩና ወደ ቤቴ።

እሁድ በጠዋት ወንድሟ ደወለ። "እባክህ ናማ፤ ቤታችን ሌባ ተገኝቷል" አለኝ።

ስደርስ የቤት ሠራተኛቸው ግቢው መሀል ቆማለች። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ዕቃዋን የምታስቀምጥበት ፌስታል ተዘርግፎ ልብሶቿ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተበትነዋል። ማዘር ተያዧን አስጠርተውታል፤ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። "ካላወጣች ፖሊስ ጣቢያ ነው የምወስዳት!" ይላሉ። ልጅቷ "እትዬ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ አላየሁም" ትላለች። ድምጿ አልቋል። ለካ ሌሊቱን ሙሉ "አምጪ" ስትባል ነው ያደረችው።

እኔ ኪሴ ውስጥ ቀለበቱን ጨብጬ ቆሜአለሁ።

የመጣልኝ ሐሳብ ግን፣ አፍሬም ቢሆን ልንገራችሁ፣ እውነቱን መናገር አልነበረም። "እስቲ በደንብ እንፈልግ" ብዬ ሳሎን ገባሁ። ቡፌውን ገፋ አድርጌ ቀለበቱን ከጀርባው ጣል አደረግሁትና "ይኸው! እዚህ ወድቆ!" ብዬ ጮህኩ። ማዘር እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ሠራተኛዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "እዚያማ ማታም ጠርጌአለሁ፣ ጠዋትም ጠርጌአለሁ። አልነበረም፣ ጋሼ" አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። የፍቅረኛዬም ዓይን እኔ ላይ ሆነ፤ ጠዋት ቡፌውን ያነሱት አብረው ነበራ!

ከዚያ በኋላማ ምን መሸሸጊያ አለ? ሁሉንም ዘረገፍኩት። ፍቅሩንም፣ ቀለበቱንም፣ ፒያሳውንም።

ማዘር ብዙ ዝም ብለው ቆዩና "ልጄን ፈልገህ ከሆነ ሽማግሌ የምትልክበት በር አላጣህም። የሰው ልጅ ሌባ አስብለህ ነው ቀለበት የምታስረው?" አሉኝ። (ሌባ ያሏት እሳቸው ነበሩ፤ ያኔ ግን ይህን የምናገርበት አፍ አልነበረኝም።) ወንድሟ እስከ ጥምቀት አላናገረኝም። እሷ ደግሞ ምንም ሳትል ግቢ ወጥታ ልብሶቹን አንድ በአንድ ታነሳ ጀመር። ልረዳት ጎንበስ ስል "አንተ ተው፣ አትንካ" አለችኝ።

ሠራተኛዋን ይቅርታ ጠየቅኋት። "ምንም አይደል ጋሼ" አለችኝ። ሰኞ ጠዋት ግን ደመወዟን ተቀብላ ሄደች። ማዘር "እጨምርልሻለሁ" ብለው ለምነዋት ነበር፤ እንቢ አለች። የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጋብቻው እንኳ በኋላ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሁለቴ ተመልሰው በሦስተኛው ተሳካላቸው። ደግሞ የሚገርማችሁ፣ ያ ሁሉ ጣጣ የመጣበት ልክ፣ ልክ አልነበረም! የአያቷን ቀለበት የምታደርገው በመሀል ጣቷ ኖሯል። የእኔ ቀለበት በቀለበት ጣቷ ላይ ሲሽከረከር፣ እስኪጠብ ድረስ ክር ጠምጥማበት ነው ያደረገችው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። "ቤቱ አይከብደኝም" ብለሃል። ቀለበቱ ያን ቀን ቢፈለግና ቢጠፋ መጀመሪያ የምትጠረጠረው ማን መሰለችህ? አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ ናት። ስለዚህ ቀለበቱ ከቤት አይውጣ። ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ወረቀት ከሥሩ አድርግና የውስጡን ክብ ሹል በሆነ እርሳስ አዙረህ ሣለው። ወይም ለስላሳ ሳሙና ላይ ጫን አድርገው፤ ቅርጹ ይቀራል፤ ቀለበቱን ግን ጥርግ አድርገህ መልስ። ከዚህም የሚቀል አለ፦ በራስህ ጣት አስገባውና እስከ የት እንደደረሰ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ። ወርቅ ቤት ስትሄድ የመለኪያ ቀለበቶቻቸውን እየቀያየሩ እዚያው ምልክትህ ላይ የሚቆመውን ያገኙልሃል። ታዲያ በየትኛው እጇና በየትኛው ጣቷ እንደምታደርገው አስቀድመህ ልብ በል፤ የኔን ስህተት እንዳትደግመው። ሥራ በምንሠራበት እጅ ያለው ጣት ብዙውን ጊዜ ወፈር ይላል።

"ስትተኛ በክር ለካት" የሚሉህ ጓደኞች አይጠፉም። ክር ይለጠጣል። የውስጥ ስፋቱ 17 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለበት ዙሪያው 53 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በዙሪያው ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ከሳትክ አንድ ሙሉ ቁጥር ሳትክ ማለት ነው። ጣትም ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በሙቀት ያብጣል፣ በብርድ ይኮማተራል። ደግሞስ በጨለማ ክር ይዘህ ብትነቃብህ ምን ልትላት ነው?

ከሁለት ቁጥር ካመነታህ ሰፋ ያለውን ያዝ። ማጥበብ ማለት ቆርጦ መበየድ ነው፤ ለማስፋት ግን ወርቅ መጨመር ይመጣል። ዙሪያውን ሙሉ ድንጋይ የተደረደረበትን ለጊዜው ተወው፤ እሱን ማጥበብም ማስፋትም ጭንቅ ነው። ደረሰኙ ላይ ካራቱም ግራሙም ይጻፍልህ፦ 18 ካራት ከሆነ ከመቶ 75 እጁ ወርቅ ነው፣ 21 ከሆነ 87.5። ሲጠብ የምትቆረጠዋን ብጣሽም ጠይቅ፤ የገዛሃት አንተ ነህ።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤህን ደግሜ ሳነብ ከነከነኝ። ስለ ጣቷ ሁለት ገጽ ጽፈሃል፤ ስለ ሐሳቧ አንድ መስመር የለም። ለመሆኑ ስለ ትዳር አውርታችሁ ታውቃላችሁ? የቀለበቱ ቀን ድንገተኛ ይሁን፣ ደስ ይላል። ጥያቄው ራሱ ዱብ ዕዳ ከሆነባት ግን ደንግጣ "እሺ" ልትልህ ትችላለች፤ ያ "እሺ" ደግሞ ሲያድር የሚሆነውን አላውቅልህም። ቤተሰቦቿም ሽማግሌ የሚጠብቁ ከሆኑ ይህንኑ ከእሷ ጋር ተመካከሩበት፤ የልጃቸውን ጣት ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙ።

ይህን ስጽፍ ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ አነበበችው። ስለ ቀለበቱ ምንም አላለችም። "የልጅቷን ነገር ጻፍከው?" ብቻ ብላ ጠየቀችኝ። ጽፌዋለሁ አልኳት።

ዕቁብህ ሲወጣ ደብዳቤ እጠብቃለሁ። ሳምንት እንገናኝ፣ ቸር እንሰንብት!