ሦስት ቤቶች በሐረር



ለዛሬ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ባልና ሚስት ስለ ምን ያወራሉ? ከተጋቡ አሥር ዓመት ያለፋቸውን ብትጠይቁ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ጉንፋንና የአገልግሎት ፕሮግራም ይቆጥሩላችኋል። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው። ሌላ ወሬ የጠፋበት ቤት ግን ቀስ በቀስ መሥሪያ ቤት ይመስላል። ሁለት ታታሪ ሠራተኞች ይኖሩበታል፤ ባልና ሚስት ግን አይገኙበትም።

እንግዲህ የማቀርብላችሁ ምክር ያስገርማችሁ ይሆናል፦ አብራችሁ ሙዚየም ግቡ።

“ሙዚየም ለቱሪስትና ለተማሪ አይደለም እንዴ?” የምትሉ አላችሁ። እስቲ አስቡት፤ ሲኒማ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ዝም ትላላችሁ። ምግብ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ስልክ ትነካካላችሁ። ሙዚየም ውስጥ ግን ሁለታችሁም በአንድ ዕቃ ፊት ትቆማላችሁ፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል፤ ወሬው ሳይታሰብ ይመጣል። ለዚህ የሚመች ትንሽ የታሪክ ከተማ ምረጪ ብትሉኝ ሐረርን እመርጣለሁ።

በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በግንብ የታጠረችው ጁገል ስፋቷ 48 ሄክታር ያህል ነው። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ሙዚየሞቿ በእግር የሚዳረሱ ናቸውና መኪና አያስፈልጋችሁም። እኔ ሦስት ቤቶችን ልጠቁማችሁ።

የመጀመሪያው የሐረሪ ባህላዊ ቤት ነው። ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ በቀይ አፈር የተቀባ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ የሚሄድ መደብ ታያላችሁ። ነደባ ይሉታል፤ አምስት ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ግድግዳውን የሸፈነው የሴቶች እጅ ሥራ ነው፦ በቀለም ያጌጠ ስፌት ከላይ እስከ ታች ተሰቅሏል። በበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ በቤቱ አለች ማለት እንደሆነ አስጎብኚዎች ይነግሯችኋል።

ከሁሉ ይልቅ አንዲት ጠባብ ክፍል እንድታዩ እፈልጋለሁ። እንደሚተረከው አዲስ ሙሽሮች የጫጉላቸውን ሳምንት የሚያሳልፉት በእርሷ ውስጥ ነበር፤ ምግባቸውን ቤተሰብ በትንሽ መስኮት ያቀብላቸዋል። አስቡት፤ ቤተሰቡ በሙሉ ለሁለት ሰዎች ብቸኝነት ዘብ ይቆማል! በእኛ ቤት ለሁለታችን ብቻ የተተወ ሰዓት አለን? እንግዳው፣ ስብሰባው፣ የስልኩ ጥሪ የማይገባበት በር የቱ ነው? እዚያ ክፍል ፊት ቆማችሁ ይህን ጥያቄ ለትዳር ጓደኛችሁ አቅርቡ።

ሁለተኛው የሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም ነው። ያለበት ቤት ራስ ተፈሪ፣ የኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ይኖሩበት እንደነበር የሚነገርለት ሲሆን ከወይዘሮ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን እንዳሳለፉበትም ይተረካል። ሙዚየሙን የመሠረቱት አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የከተማቸውን የብራና መጻሕፍት፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦች፣ ሰይፎችና አልባሳት ለዓመታት ሲሰበስቡ ቆዩ። በ1998 እ.ኤ.አ. በገዛ ቤታቸው ለጎብኚ ከፈቱት፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስብስቡ ወደዚህ ቤት ተዛወረ። ያረጁ መጻሕፍትን መጠገንና መጠረዝንም ተምረዋል። ሐረር ቀድሞ በመጽሐፍ ጥራዝ ሙያ የታወቀች ከተማ ነበረች።

እዚህ ቤት ስትገቡ ስለ እናቶቻችሁ ቤት ማውራታችሁ አይቀርም። የአያትሽ ሙዳይ የት ደረሰ? የአባትህ የጋብቻ ፎቶግራፍ ማን ዘንድ ነው? የልጆቻችን አያቶች እንዴት እንደተጋቡ ለልጆቻችን የነገረ አለ? ከኛ ቤት “አሮጌ ነው” ተብሎ የሚጣለው ነገር ነገ ልጆቻችን በሀብት የማይገዙት ይሆናል።

ሦስተኛው በአርተር ራምቦ ስም የተጠራው ቤት ነው። ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ሲሆን፣ የእንጨት ሥራው፣ የጣሪያው ሥዕልና ባለቀለም መስኮቶቹ በራሳቸው የሚታዩ ናቸው። ራምቦ ራሱ ይህን ቤት እንዳልኖረበት ይታመናል። በውስጡ የጥንቷን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል። ፈረንሳዊው ራምቦ ገና በወጣትነቱ ዝነኛ ግጥሞችን ጽፎ ብዕሩን ጣለ፤ በ1880 እ.ኤ.አ. ለንግድ ሐረር ገባ። ቡናና ቆዳ ነገደ፣ ኋላም የጦር መሣሪያ። በ1883 እ.ኤ.አ. ከሐረር ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ትዳር መያዝ፣ ልጅ ወልዶ በሚገባ ማሳደግ እንደሚመኝ ገልጾ ነበር። አልሆነለትም። በ1891 እ.ኤ.አ. ጉልበቱ ታመመ፤ በቃሬዛ እስከ ባሕር ጠረፍ ተሸክመው አደረሱት። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በ37 ዓመቱ አረፈ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ከዚህ ሰው ታሪክ ፊት ስትቆሙ ቶሎ አትለፉ። እርሱ ጎጆውን መመኘቱ አልጎደለም፤ የጎደለው ጊዜ ነው። እኛ ያን ጎጆ ይዘን “ቤቱን ሠርተን ስንጨርስ”፣ “ልጆቹ ካደጉ በኋላ”፣ “ይህ ፕሮጀክት ሲያልቅ” እያልን አብሮ መሆንን ለነገ እናሳድራለን። ነገ ግን የራሱ ቃሬዛ ሊኖረው ይችላል።

“የሌላ እምነት ቅርስ የበዛበት ከተማ ሄደን ምን እናደርጋለን?” የሚል ካለ፣ ባልንጀራን መውደድ እርሱን ከማወቅ ይጀምራል እላለሁ። የጎረቤትን ቤት አክብሮ ማየት እምነትን አያጎድልም፤ ባልንጀርነትን ግን ይጨምራል።

ለመሄድ ካሰባችሁ ጥቂት ምክር፦

መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ። በአውሮፕላን ወይም በባቡር እስከ ድሬዳዋ ብትሄዱ ከዚያ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሙዚየሞቹ የሚከፈቱበትን ሰዓት ጠይቁ፤ በተለይ ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሰዓት መሆኑን አትርሱ። ጨዋ ልብስ ልበሱ፤ ሰውን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ከተቻለ ልጆቹን ለአያቶች አደራ ስጡ።

በቀን ከሁለት ቤት በላይ አትጎብኙ። በእያንዳንዱ ቤት እያንዳንዳችሁ አንድ ዕቃ ብቻ ምረጡና ለምን እንደመረጣችሁት ለሌላው ንገሩ። ባልየው ሲናገር ሚስት አታቋርጥ፤ ሚስት ስትናገር ባል ሰዓቱን አይይ። ከዚያ መኪና ግርግር በሚባለው፣ የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ በማይጠፋበት ጎዳና እየተራመዳችሁ ወሬውን ቀጥሉ።

ሐረር ለመሄድ አቅሙ የሌላችሁ አትዘኑ። በምትኖሩበት ከተማ ያለ ሙዚየም ወይም የሥዕል ማሳያ ለአንድ የቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል። ዋናው ነገር ሁለታችሁ በአንድ ነገር ፊት መቆማችሁ ነው። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ የቀን መቁጠሪያውን አውርዱና አንድ ቀን ምልክት አድርጉበት። ቀኑን የሚሻማ ሲመጣ “ቀጠሮ አለን” በሉ።

እስከሚቀጥለው እትም በሰላም ቆዩ።