«ማሚ፣ እኔ ብላክ ሺፕ ነኝ?»

ባለፈው እሁድ የስምንት ዓመት ልጄ ይህን ጠየቀኝ። የሰማው ከኔው አፍ ነው፤ ውጤቱ ዝቅ ሲል ለእህቴ በስልክ ቀልጄ ነበር።

በእንግሊዝኛ ሰው በቡድን ውስጥ ያለውን ቦታ የሚገልጹ ቃላት ብዙ ናቸው። በየወሬያችን ጣል እናደርጋቸዋለን እንጂ ክብደታቸውን አንመዝንም። ብላክ ሺፕ ቤተሰቡን ያሳፈረ ማለት ነው፤ ጥቁር ሱፍ ሌላ ቀለም ስለማይዝ ዋጋው ዝቅ ይል ነበር። ስኬፕጎት የሌላውን ጥፋት የሚሸከም ነው፤ ቃሉን ዊልያም ቲንደል በ1530 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኦሪት ትርጉም አስገባው። ሪንግሊደር መሪ ቢመስልም የአጥፊዎች አውራ ነው፤ ሲቪያችሁ ላይ እንዳትጽፉት! አንደርዶግ ይሸነፋል የተባለው ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚደግፈው እሱን ነው። ራይት ሃንድ ማን ደግሞ የእኛው «ቀኝ እጅ» ነው።

ልጄን ይቅርታ ጠየቅኩት። ማታ እራት ሲያቀርብ «ቀኝ እጄ» አልኩት፤ ሳህኑን ይዞ ፈገግ አለ።

ስም መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የቤት ቅጽል ስም ግን የምናወጣው እኛው ነን። እናንተስ ልጃችሁን ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?