እግር ሳያርሱ መመለስ

የስድስት ዓመቱ ልጄ የካርቱን ልጆች በባሕር ዳርቻ የአሸዋ ቤት ሲሠሩ በቴሌቪዥን ካየ ወዲህ «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» እያለ ነዘነዘን። ምጽዋና አሰብ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የሌላ አገር ናቸው። ለደብረ ታቦር ልጅ ቅርቡ ባሕር ጣና ነው። ደግነቱ በዳርቻው ያለችው ከተማ ስሟ ራሱ ባሕር ዳር ስለሆነ «ባሕር ዳር እንሄዳለን» ብንለው አልዋሸነውም።

መንገዱ እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ ነው ይህ የሆነው። እናቴን፣ ሁለቱን ልጆችና አንድ አገልግል ይዘን በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርን። ደብረ ታቦር ያለችው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ጣና ከ1,800 ትንሽ ዝቅ ይላል። ዘጠኝ መቶ ሜትር ቁልቁለት ምን ማለት እንደሆነ ትንሿ ልጅ ዓለም በር ሳንደርስ ነጠላዬ ላይ አሳየችን። ሎሚ ማሸተቱም አላዳነን። ወረታ ላይ የደራረብነውን ሹራብ ሁሉ አወለቅን።

እናቴ ገዳም መሳለም ፈልጋለች። ባለቤቴ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ሊያይ ነው የመጣው። እኔ፣ ላለመዋሸት፣ ፎቶ። ልጁ ግን የፈለገው ጭቃ ብቻ ነበር። ከሚኒባስ እንደወረደ ሮጦ ውሃው ዳር ተንበረከከ፤ እጁን ሊነክር ሲል ለቀም አደረግሁት።

«የጣና ውሃ ምን ያደርገዋል ልጄ? ስንት ቅዱሳን ያሉበት!» አለች እናቴ።

«እምዬ፣ ቅዱሳኑ ደሴቱ ላይ ናቸው፤ ቀንድ አውጣው እዚህ ነው።»

ብልሃርዚያን ማለቴ ነው። ጥልቀት የሌለው፣ የረጋ፣ ሣርና ደንገል የበዛበት ዳርቻ ለሕፃን ይመቻል፤ ትሉን ለሚያሳድገው ቀንድ አውጣም እንደዚያው። ትሉ በቆዳ ሰርስሮ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ ነገር ግን በዘመቻ ሲታደል የኖረው በዋናነት ለተማሪ ነው፤ እንደ ትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን ለረጅም ጊዜ ሳይቆጠር ቀርቷል። የአዲስ አበባ ቤተሰብ «ብልሃርዚያ የለበትም» ብሎ ላንጋኖ ይወርዳል። የእኛ ላንጋኖ የት ነው?

እኔን ያናደደኝ ትሉ አይደለም፤ ትል ሥራውን ነው የሚሠራው። በተቀመጥንበት ዳርቻ ለቡና ጠጪ፣ ለዓሣ በላተኛ፣ ለሙሽራና ለፎቶ አንሺ ቦታ አለ። ለሕፃን ግን «ተው!» ብቻ ነው ያለው። አንድ ሲኖትራክ የታጠበ አሸዋ ጥላ ሥር ቢገለበጥ፣ አጠገቡም አንድ የቧንቧ ውሃ ቢኖር፣ ልጁ ሐይቁን እያየ ጭቃ ያቦካል፤ እኔም ቡናዬን ተቀምጬ እጠጣለሁ። ብዙ ጠየቅሁ?

ገዳሙም ጉማሬውም ቀረ። የሁለት ዓመት ልጅ ታቅፎ ጀልባ መሳፈርን ሳስበው ሆዴ ፈራ። እናቴ ከዳር ሆና ወደ ደሴቶቹ ዞራ ተሳለመች፤ እስከ ዛሬም ይህን አልረሳችልኝም። ልጁ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲወረውር ዋለ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሞገዱ ዳር ድረስ መምታት ሲጀምር «እማ፣ መልሶ እየወረወረልኝ ነው!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ፎቶ ማንሳቱን ያን ጊዜ ረሳሁት።

በሳምንቱ ጎረቤታችን ለቤት ሥራ አሸዋ አስገለበጡ። ማታ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ከክምሩ ሥር ውሃ አቁሯል። ልጄ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ጉልበቱ ድረስ ገብቶበት አገኘሁት። ባለ አሸዋው ከበራቸው ሆነው «ውረዱ ከዚያ!» ሲሉ እሱ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ቆይ፣ ጣና እየሠራን ነው» አላቸው።