ሳይነበብ የተፈረደበት መጽሐፍ

ከሳሽና ተከሳሽ በፊቱ ሳይቆሙ ፍርድ የሚሰጥ ዳኛ፣ ውሳኔው ምናልባት ከእውነት ጋራ ቢገጥም እንኳ፣ ከበደል አይድንም። ይህን ደንብ በአምባሰል የሚገኝ ሽማግሌ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለ ድንበርና ስለ ከብት ለዕርቅ ሲቀመጥ ሁለቱን ወገን ሳያናግር አፉን ለፍርድ አይከፍትም። በመጽሐፍ ነገር ግን ይህ ደንብ የተረሳ ይመስላል። የአንድ መጽሐፍ ስም ሲጠራ «ይህማ ስለ እንዲህ ያለ ነገር የተጻፈ ነው» ተብሎ በአንድ ቃል ይወገዛል፤ ከሚያወግዙት መካከል ግን ገጹን የገለጠው ጥቂት ነው።

አሁን ለክርክር የቀረበው መጽሐፍ «የአኪሌስ መዝሙር» ይባላል። ደራሲዋ ማደሊን ሚለር የላቲንንና የጥንቱን ግሪክ ቋንቋ ያስተማረች አሜሪካዊት ናት። አሥር ዓመት ያህል ደክማበት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. አሳተመችው፤ በ2012 ዓ.ም.ም በእንግሊዝ አገር ለሴቶች ደራስያን ይሰጥ የነበረውን የኦሬንጅ ሽልማት ተቀበለችበት። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ብዙ ወዳጅ አገኘ፤ እንግሊዝኛ በሚያነብ የከተማ ልጅ እጅ መድረሱም የማይቀር ነው።

ታሪኩ በመሠረቱ የሆሜር ነው። ፓትሮክሎስ የተባለ ልጅ ሳያስበው ነፍስ አጥፍቶ ከአገሩ ተሰደደ፤ የአኪሌስ አባት ንጉሥ ጴሌዎስም ተቀብሎ በቤቱ አሳደገው። ሁለቱ አብረው አደጉ፤ አብረውም ወደ ትሮያ ዘመቱ። በዚያ የጦሩ አለቃ አጋሜምኖን አኪሌስን በአደባባይ ቢያዋርደው፣ አኪሌስ ተቈጥቶ ከጦርነቱ ቀረ፤ ወገኖቹም እንደ ቅጠል ረገፉ። ፓትሮክሎስ የወገኑን ሞት ቆሞ ማየት ቢሳነው የአኪሌስን ጥሩር ለብሶ ወጣ፤ ሄክቶርም ገደለው። ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶና በቀል ነው። የሚለር ሥራ ይህን ሁሉ በሟቹ በፓትሮክሎስ አንደበት ማስነገር ነው፤ የሁለቱንም ፍቅር የባልንጀራ ፍቅር ብቻ ሳታደርግ እንደ ባልና ሚስት ፍቅር አድርጋ ጽፋዋለች። ይህን መሸሸግ አይገባም። መጽሐፉን ለማስወደድ ብሎ «ወዳጅነት ብቻ ነው» የሚል ሰው ካነበበ ይዋሻል፤ ካላነበበም እንደ አውጋዦቹ ሳያውቅ ይናገራል።

የአውጋዦቹ የመጀመሪያው ቃል «የዛሬ ዘመን ሰው የጥንቱን ታሪክ አበላሸው» የሚል ነው። ይህ ቃል ታሪክን ካለማወቅ የመጣ ነው። ሆሜር የሁለቱን ፍቅር ታላቅነት ነግሮ ዓይነቱን ሳይነግር አለፈ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ባለ ቅኔ አይስኪሎስ ግን፣ ዛሬ ቍርጥራጩ ብቻ በቀረ ተውኔቱ፣ ሚለር ያለችውን አስቀድሞ ብሎታል። በአፍላጦን «ግብዣ» ውስጥ ፋይድሮስ የተባለው ተናጋሪ ፍቅሩን አምኖ፣ ከሁለቱ ማን አፍቃሪ ማን ተፈቃሪ እንደ ነበር ከአይስኪሎስ ጋራ ይከራከራል። በዜኖፎን «ግብዣ» ደግሞ ሶቅራጥስ፣ አኪሌስ ፓትሮክሎስን የተበቀለለት እንደ ጓደኛ እንጂ እንደ ፍቅረኛ አይደለም ይላል። እንግዲህ ክርክሩ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት ያህል የቆየ ነው። ሚለር ከሁለቱ ወገን አንዱን መረጠች እንጂ ክርክሩን አልፈጠረችውም፤ ሊሞግታት የሚሻም ከሶቅራጥስ ወገን ቆሞ መሟገት ይችላል፤ ለዚህ ግን ማንበብ ይቀድማል።

ሁለተኛው ቃል «የአረማውያን ተረት ለክርስቲያን ምን ይረባዋል?» የሚል ነው። ይህን የሚል ካህን የቂሳርያውን ቅዱስ ባስልዮስን ይጠይቅ። ባስልዮስ ወጣቶች ከግሪክ መጻሕፍት እንዴት እንደሚጠቀሙ ራሱን የቻለ ምክር ጽፎላቸዋል፤ ንብ ከአበባው ሁሉ የሚበጃትን ብቻ ቀስማ እንደምትሄድ እንዲሁ አድርጉ አለ እንጂ አበባውን አቃጥሉ አላለም። የግእዝ መጻሕፍትም ይመስክሩ። የእስክንድር ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ሲመለስ ያ የመቄዶንያ አረማዊ ንጉሥ በአንድ አምላክ የሚያምን፣ ስለ ክርስትና ምሥጢር የሚናገር ጻድቅ ሆኖ ተጽፏል። የጥንት ጸሐፍት እንደሚተርኩት ግን ይኸው እስክንድር ትሮያ በደረሰ ጊዜ የአኪሌስን መቃብር በአክሊል ያከበረ፣ ወዳጁ ሄፋይስጢዮንም የፓትሮክሎስን መቃብር ያከበረ ነው። ደብተራው የእስክንድርን ዜና በግእዝ ሲያነብ የአኪሌስን ወዳጅ እያነበበ መሆኑን አይርሳ።

የሐይቅ ሰው ደግሞ ይህን ከሌላው አብልጦ ሊያውቅ ይገባዋል። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ከደብረ ዳሞ መጥተው በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት ባቆሙ ጊዜ ደሴቲቱ የጸሎት ብቻ ሳትሆን የመጽሐፍም ቤት ሆነች፤ በ1280 ዓ.ም. ገደማ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የተጻፈላቸው ወንጌል የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ከእርሳቸው እጅ የተማሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስን መሠረቱ፤ የዚያው ደብር እጨጌ የነበሩት አባ ዕንባቆም በ1553 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር የበርለዓምንና የይዋሴፍን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። የዚያ መጽሐፍ ሥር ሲቈፈር ግን የሚገኘው በሕንድ አገር የተነገረው የቡድሃ ሕይወት ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ክርስቲያን ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያንም ተጠቀመችበት። በውኑ ከሐይቅ ወንበር የወረደ የሊቃውንት ዘር የሌላውን አገር ታሪክ ሲሰማ ጆሮውን ይደፍናልን?

ሦስተኛው ቃል ከሁሉ የከበደ ነው፤ «ማንበብ መስማማት ነው፤ የሚያነብ ይለምዳል፤ የሚለምድም ይወዳል» ይላል። ለዚህ መልሱ የሐይቅ ተማሪ የነበሩት የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ሥራ ነው። በ1424 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የፈጸሙት «መጽሐፈ ምሥጢር» የሰባልዮስን፣ የአርዮስን፣ የንስጥሮስን የሌሎችንም መናፍቃን ቃል እየጠራ የሚረታ ነው። ጠላት የሚለውን ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው ያን መጽሐፍ ሊጽፍ አይችልም ነበር። አባ ጊዮርጊስ አርዮስን አውቀው አርዮሳዊ አልሆኑም። የዛሬው ካህን ግን የአንዲት ደራሲ ልብ ወለድ ሃይማኖቱን እንዳያፈርስበት ከፈራ፣ የሚያስፈራው መጽሐፉ ሳይሆን የመሠረቱ ማነስ ነው።

እንግዲህ መጽሐፉ ምን ይጠቅማል? የቅኔ ተማሪ ሰምና ወርቅ መለየት ያውቃልና እንደ ቅኔ ይመርምረው። በሆሜር ዘንድ አኪሌስን የሚያጠፋው ክብሩን መውደዱ ነው፤ ስለ አንድ ስድብ ብሎ ወገኑን አስፈጀ፤ በመጨረሻም ከነፍሱ አብልጦ የሚወደውን ሰው በዚያው ክብር ከፈለ። ፓትሮክሎስ ግን በሚለር መጽሐፍ ቍስለኛ የሚያክም፣ የተማረኩ ሴቶች እንዳይዋረዱ የሚለምን፣ በጀግኖች መካከል ጀግና ያልሆነ ሰው ነው። ከሞተ በኋላም ስሙ በመቃብሩ ላይ ሳይጻፍ ይቀርና ነፍሱ ዕረፍት አጥታ ትንከራተታለች፤ ስሙን በመጨረሻ የምትቀርጽለት ያው በሕይወቱ ሳለ ስትጠላው የነበረችው የአኪሌስ እናት ቴቲስ ናት። ፍትሐት የሚፈታ፣ ተዝካር የሚያወጣ፣ በየቅዳሴው የሙታንን ስም የሚጠራ ካህን ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንበት አይችልም። ሰው ስሙ እንዲጠራለት መመኘቱ ከግሪክም ከአምባሰልም ሰው ዘንድ አንድ ነው።

«ነገር ግን ለእነዚያ ሰዎች እንዴት ይለቀሳል?» የሚል ይኖራል። በአምባሰል አገር አስለቃሽ ሙሾ ስታወርድ ለቀስተኛው የሟቹን ኃጢአት ቈጥሮ ከጨረሰ በኋላ አይደለም የሚያለቅሰው፤ መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ፍርዱንም ለባለቤቱ ይተዋል። ዳዊት ስለ ዮናታን ያለቀሰው ለቅሶ በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፎ ይኖራል። ቤተ ክርስቲያን ያንን የተቀደሰ ወዳጅነት አድርጋ ታነባለች፤ የሚለር መጽሐፍ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። ዳሩ ግን የዳዊትን ለቅሶ በዕንባ ያነበበ ሰው የአኪሌስን ለቅሶ በሳቅና በስድብ ቢያልፈው፣ ከዳዊት የተማረው ምንድር ነው?

ነገሩም የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ስለ ድርጊቱ የምታስተምረው የታወቀ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ድርጊቱን ይቀጣል። ሕጉ ያስፈራል፤ መንገዱ ይሰድባል፤ ቤተ ሰብም ይክዳል። እንዲህ ባለ አገር ይህን መጽሐፍ አንብቦ ራሱን ያገኘበት አንድ ልጅ ቢኖር፣ ልቡን የሚያፈስበት የቀረው ሰው የንስሐ አባቱ ብቻ ነው። ይህ ልጅ አስቀድሞ በዐውደ ምሕረት ላይ የሰማው ቃል ስድብ ከሆነ፣ ወደዚያ ስድብ ተመልሶ ነፍሱን አይሰጥም፤ ብቻውን ሆኖ ይጠፋል። የጠፋው በግ ከዘጠና ዘጠኙ ሁሉ በላይ መፈለጉ በወንጌል የተነገረ ሆኖ ሳለ፣ እረኛው ራሱ በጩኸቱ በጉን የሚያባርር ከሆነ ተጠያቂው ማን ነው? ተግሣጽ ራሱን የቻለ ጊዜ አለው፤ ያንንም ሊሰጥ የሚችል አስቀድሞ የሰማ ብቻ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ መጽሐፉን ወድደው «ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ነገር ምንም ልትናገር አይገባትም» የሚሉ አሉ። እነርሱም ያው የአውጋዦቹን ስሕተት ይሠራሉ፤ የሚከራከሩትን ወገን ሳይሰሙ ይፈርዳሉና። የባስልዮስን ምክር፣ የአባ ጊዮርጊስንም ሥራ ያንብቡ፤ ከዚያ በኋላ ቢከራከሩ ክርክራቸው ክብደት ይኖረዋል።

ስለዚህ «የአኪሌስ መዝሙር» ለበሰለ አንባቢ ሊመከር የሚገባው መጽሐፍ ነው፤ ለሕፃናት አይደለም፤ የመኝታ ነገርና የጦር ደም አለበትና። ካህኑም የከተማው ምሁርም ከዳር እስከ ዳር ያንብበው። ካነበበ በኋላ የሚነቅፍ ይንቀፍ፤ የሚያመሰግንም ያመስግን፤ ነቀፋውንም ምስጋናውንም ገጹን ጠቅሶ ያቅርብ። እስከዚያ ድረስ ግን በጉባኤም ሆነ በገበያ ስሙን ጠርቶ የሚያወግዝ ሁሉ ፍርዱን ይያዝ፤ ምስክሩ ገና አልተሰማምና።