ለቀባሪው አረዱት

ዘመን በተናወጠ ቍጥር ስለ አንድነትና ስለ መረዳዳት የሚደረገው ንግግር ይበዛል። ይህስ አይደንቅም፤ የታመመ ሰው ስለ ጤና ማውራት ይወዳልና። እኛን የሚያስገርመን ንግግሩ የሚደረግላቸው ሰዎች ማንነት ነው። የየሰፈሩ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች ወደ አዳራሽ ይጠሩና፣ ኅብረተሰብ በችግር ጊዜ እንዴት መደጋገፍ እንደሚገባው አንድ የተማረ ሰው ከመድረክ ላይ ሆኖ ያስረዳቸዋል። ከዚያ አዳራሽ ወጥተው ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ ድንኳን የሚተክሉት፣ አግዳሚ ወንበር የሚሸከሙት፣ ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ተናጋሪው ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የገዛ ሰፈሩን እድር መዋጮ በልጁ እጅ እየላከ፣ ከቀብር በቀረ ጊዜም ቅጣቱን እየከፈለ የሚኖር ሰው መሆኑ ብዙ ጊዜ ነው። አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ነገር በሁለት ቃል ጨርሰውታል፤ ለቀባሪው አረዱት።

ለእድሮች የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ዐይነት ነው። እድር የሚያስበው ለሞት ብቻ ስለ ሆነ ኋላ ቀር ነው፤ ገንዘቡን ለሬሳና ለንፍሮ ከሚያውለው ለልማት ቢያውለው ይሻላል፤ አባላቱም በወር አንድ ቀን መሰብሰባቸው ካልቀረ የጊዜውን ጉዳይ ለማስረዳት ስብሰባው ያመቻል ይባላል። ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉ አሳቢዎች ናቸው አንልም። ነገር ግን የሚመክሩትን ነገር ምንነት አልተረዱትም ብለን እንከራከራለን፤ እድር በሁከት ዘመን ሳይፈርስ የቆየው ከመቅበር በቀር ሌላ ነገር ለማንም ቃል ስላልገባ ነውና።

የእድርን መነሻ አንዳንዶች ወደ ጣልያን ወረራ ዘመን ያደርሱታል፤ ሌሎች ደግሞ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ከመጡ የጉራጌ አገር ሰዎች ጋር ያያይዙታል። ክርክሩን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወዋለን። ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት ነገር ግን ለእኛ ይበቃናል፤ ይኸውም እድር ከዘመዱ ርቆ በከተማ የሚኖር ሰው የፈጠረው ነገር መሆኑ ነው። በገጠር የሞተ ሰው ወንድም፣ አጎት፣ የአማች ወገን አለው። በከተማ የሚኖረው ሰው ግን የአባቱን ስም እንኳ የማያውቅለት ጎረቤት ሬሳውን እንዲሸከምለት አስቀድሞ መዋዋል ነበረበት። ስለዚህ የእድር መዝገብ ስለ አንድ ሰው የሚጽፈው ጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ ስሙን፣ መዋጮውን፣ በቀብሩ ላይ መገኘቱን ወይም መቅረቱን። ሟቹ ማንን ይደግፍ እንደ ነበር የሚጻፍበት ዐምድ በመዝገቡ ላይ የለም። ጥሩምባ ነፊውም ሌሊት በየመንደሩ ሲዞር የሚጠራው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ነው፤ ከዚህ የሚያልፍ ነገር አይናገርም።

ይህ ትንሽ የሚመስል ደንብ ምን ያህል ትልቅ እንደ ሆነ አገራችን በከባድ ዋጋ ተምራዋለች። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ንብረት ሆነ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትም በየቀበሌው ተቋቋሙ። ያን ጊዜ አከራይና ተከራይ በአንድ ቀን ቦታ ተለዋወጡ ማለት ይቻላል። ትናንት ኪራይ ሲቀበል የነበረው ባለ ቤት በቀበሌው ስብሰባ ላይ አድኃሪ ተብሎ ሲወገዝ፣ አውጋዡም ተወጋዡም በአንድ የእድር መዝገብ ላይ ተጽፈው ይኖሩ ነበር። ቀበሌው ለጥበቃም፣ ለኪራይም፣ ለስኳርና ለዱቄት እደላም ኃላፊ ሆኖ ሳለ፣ ሬሳ መሸከም ግን ከእድር እጅ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ለመጻፍ ብዕር ይከብዳል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ወጣቶች በሁለት ወገን ተሰልፈው ተላለቁ። በአንድ በኩል የቀበሌ ሹማምንት በጥይት ተመተው ሲወድቁ በሰልፍና በመፈክር ይቀበሩ ነበር። በሌላው በኩል ደግሞ በቀይ ሽብር የተገደለው ልጅ በደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት በመንገድ ዳር ይገኛል፤ እናቱም እንዳታለቅስ ትከለከላለች፤ ሬሳውን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ቤተሰቦችም ነበሩ። ብዙዎቹ በጅምላ ጕድጓድ ተጣሉ። እነዚያ ቤተሰቦች የእድር አባል ሆነው ለዓመታት ሲከፍሉ የኖሩ ናቸው፤ መዋጯቸው አልተጓደለም፤ ድንኳኑም በዕቃ ቤት ተቀምጧል። ነገር ግን ጥሩምባ አልተነፋም። እንግዲህ ያ ዘመን ለቅሶን መከልከል ያስፈለገው ለምንድን ነው? አንድ ድንኳን ተተክሎ ጎረቤት በሥሩ ከተቀመጠ፣ ሟቹ ጠላት ነው የሚለው ቃል የሚፈርስ ስለ ሆነ አይደለምን? በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ ወደ ተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሚገባ ሰው ከጅምላ መቃብር የወጣ ዐፅም ያያል። አንድ ሰፈር በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊፈጽመው ይችል የነበረው ሥራ ሠላሳ ዓመት አለፈበት ማለት ነው።

ይህን ያነሣነው ያለፈን ቍስል ለመነካካት አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የነበረው ጦርነት ወደ ከተማው የገባው በመርዶ ነው። በትግራይ ብዙ ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ሞት በይፋ የተረዱት ጦርነቱ ካበቃ ከዓመት ገደማ በኋላ፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነበር። በአዲስ አበባም በአንድ አጥር ግቢ የሚኖሩ፣ ልጆቻቸው በሁለት ተቃራኒ ጦር ውስጥ ያሉ እናቶች ነበሩ። በዚያ ጊዜ ያየነውንና ያሳፈረንን እንናገር። ጥሩምባው ከተነፋ በኋላ ልብሱን ከመልበሱ በፊት፣ «በየትኛው ወገን ሆኖ ነው የሞተው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አይተናል። መልሱን ሰምቶም ራስ ምታት ያመመው፣ እሑድ ሲመጣ ቅጣቱን ያለ ክርክር የከፈለ ሰው አይተናል። የሚያሳዝነው ይህ ሰው ያልተማረ አለመሆኑ ነው። ጥያቄው ያልመጣላቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ንፍሮ ሊቀቅሉ የሄዱት፣ ስለ አንድነት አንድም ንግግር ሰምተው የማያውቁት ሴቶች ናቸው።

አንድ ተቃዋሚ ሊነሣብን ይችላል። ኤድስ በበረታበት ዘመን ብዙ እድሮች በሽተኛ ጠይቀው፣ ወላጅ አልባ ልጆችን ረድተው፣ ከቀብር ያለፈ ሥራ ሠርተው የለምን ይለናል። ሠርተዋል፤ እኛም እናመሰግናቸዋለን። ግን እንዴት እንደ ሠሩት እንመልከት። በዚያ ዘመን ቀብር በቀብር ላይ ስለ ተደራረበ የእድር ሣጥን እየተራቈተ ሄደ፤ አባላቱም ከመሞቱ በፊት እናስታመው ብለው በገዛ ስብሰባቸው መከሩ። ሥራው ከቀብሩ የተወለደ እንጂ ከላይ በደብዳቤ የታዘዘ አልነበረም። ልዩነቱ ይህ ነው። ዛሬ በትእዛዝ ለልማት የሚሰበሰብ እድር፣ ነገ ለሌላ ነገር በትእዛዝ ሊሰበሰብ ይችላል፤ ከነገ ወዲያም አባል ያልሆነውን ሰው ስም ጽፈህ አምጣ ሊባል ይችላል። ያን ጊዜ ያ መዝገብ ሌላ ዐምድ ይጨመርበታል።

እድር ጕድለት የለበትም አንልም። በአንዳንዱ ሰፈር የመግቢያው ገንዘብ ለድኻ ተከራይ የማይቀመስ ነው፤ ለሐዘንተኛ መደገፊያ ይሆናል የተባለው እዝንም በፉክክር ድግስ እየሆነ ሐዘንተኛውን በዕዳ ላይ ይጥለዋል። የሚከፋው ግን በትውልድና በቋንቋ የተለየው እድር ከሰፈሩ እድር እየበለጠ ሲሄድ ነው። ሰው የአገሩን ልጅ መርዳቱ አይነቀፍም፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ሲሞት ግን እኔ ሌላ እድር አለኝ ማለቱ ሊያስነቅፈው ይገባል። ለዚህ ነቀፌታ የሚበቁት አባላቱ ራሳቸው ናቸው፤ ሲነቅፉም በየስብሰባው ሰምተናል፤ አንዳንዴም በጣም ረዥም ሰዓት።

ለባለ ሥልጣኖቻችን የምናቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ከንግግር ጋር የተያያዘ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሥራ ከፒያሳና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች ሕዝብ ተነሥቷል። መንገዱ መስፋቱን፣ ከተማው መለወጡን የሚጠላ የለም። ነገር ግን አንድ ሰፈር ሲነሣ ቤት ለቤት ተቈጥሮ ካሳና ምትክ ሲታሰብ፣ በአንድ መዝገብ የተጻፉ ሰዎች ወደ አራት አቅጣጫ ሲበተኑ የሚፈርሰው ነገር በየትኛውም ቅጽ ላይ አይሞላም። ከተማው ዳር የደረሱት ሽማግሌ ለጎረቤታቸው ቀብር ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ፤ ወይም ይቀራሉ። ሦስት ጊዜ ከቀሩ ደግሞ ደንቡ ያስወጣቸዋል፤ በስድሳ ዓመታቸውም አዲስ መግቢያ ከፍለው እንደ እንግዳ ይመዘገባሉ።

ስለዚህ ሰዎችን የሚያነሣው መሥሪያ ቤት ከቤት ዝርዝሩ ጋር የእድሩንም መዝገብ ይጠይቅ፤ ዳኛውንና ጸሐፊውን ጠርቶ፣ ለመስማት እንጂ ለማስረዳት ሳይሆን፣ የአንድ እድር ሰዎች በአንድ ቦታ እንዲሰፍሩ ያድርግ። በኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ለሐዘንና ለድግስ ተብለው የተሠሩት የጋራ ቤቶችም በአንዳንድ ቦታ ለሱቅና ለመጋዘን ተከራይተዋል፤ እነዚያ ይመለሱ፤ ድንኳኑና ብረት ድስቱ የሚቀመጥበት ቁልፍ ያለው አንድ ክፍል ይሰጥ። እኛም፣ ደመወዝተኞችና መምህራን ተማሪዎችም የሆንን ሁሉ፣ በሚመጣው እሑድ ቅጣቱን በልጅ እጅ ከመላክ እንቅርና ሄደን ከአግዳሚው ላይ እንቀመጥ። ጸሐፊው ስማችንን ሲጠራ ድምፃችንን ላያውቀው ይችላል፤ ቢያንስ «አቤት» እንበለው።